ሁለት ቁጥርን የሚጫነው ሰውዬ

ዘመኑ 2016 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ የገቡበት ዓመት ስለሆነ ብዙ ሰው አይረሳውም። በዚያ ሰሞን አሰላ ውስጥ ቀን ቀን ሻይ ቤቱ ሁሉ ጭር ይል ነበር። ክርስቲያኑም እስላሙም አፉን ዘግቶ፣ ፀሐይዋ የት እንደደረሰች ቀና እያለ እያየ ነበር የሚውለው።

ደምሴ እባላለሁ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ኮምባይነር ላይ ነው። መጀመሪያ በመንግሥት እርሻ፣ በኋላም ለገበሬው በኪራይ የአርሲን ስንዴ ሳጭድ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተጨመረበት የለም። ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ። ነገሩን ግን አልስትም።

ጠባዬን ካልነገርኳችሁ ታሪኩ አይገባችሁም። ሰው «ደህና ነህ?» ሲለኝ፣ ደህና ካልሆንኩ «አይደለሁም» የምል ሰው ነኝ። የተጠራሁበት ቤት ወጡ ጨው ከበዛበት በዝቷል እላለሁ። በዚህ የተነሳ ድግስ ቤት ከጎኔ መቀመጥ የሚፈራ አለ። ባለቤቴ አስካለ «አንተ ሰው፣ ደህና ነኝ ብትል ምን ይጎድልብሃል?» ትለኛለች። እኔም የሚጎድልብኝን አላውቅም። ብቻ አይወጣኝም።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ደም ብዛት አለብህ ተባልኩ። ኪኒን ታዘዘልኝ። ቆየት ብሎ ደግሞ ጤና ጣቢያው ውስጥ አንድ አዲስ ነገር ተጀመረ። ደም ብዛት ያለበት ሰው ስልኩን ካስመዘገበ፣ በየቀኑ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይደወልለታል። ስታነሳው የልጅ እግር ሴት ድምፅ ነው። አብራህ አታወራም፤ የተቀዳ ድምፅ ነው። «እንደምን አደሩ? ጤናዎ እንዴት ነው? የዛሬውን የግፊት መድኃኒትዎን ወስደዋል? ከወሰዱ አንድን፣ ካልወሰዱ ሁለትን ይጫኑ» ትላለች። በኦሮምኛ ይደወልልኝ ላለም «አካም ቡልተኒ» ብላ ጀምራ ያንኑ ትጠይቃለች። አንድን ስትጫን «በጣም ደስ ብሎኛል፤ ዕድሜ ይስጥዎ» ትላለች። ሁለትን ስትጫን ድምፅዋ ዝቅ ይልና «በጣም አዝናለሁ፤ እባክዎ ለጤናዎ ያስቡ» ትላለች። የተጫንከውም ሐኪሙ ኮምፒውተር ላይ ይታያል።

ሰፈሩ በዚያች ድምፅ አበደ። ጨዋ ቤት ያደገች ልጅ መሆኗ ከስልኩ ውስጥ ይሰማል። ጎረቤቴ ቃሲም፣ ከእኔ ጋር አንድ ኮምባይነር ላይ ያረጀ ሰው ነው፤ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ «አሜን፣ አሜን ልጄ» እያለ ሲመርቃት ከአጥር ማዶ እሰማዋለሁ። የገዛ ልጆቹ እንደዚያ ጠዋት ጠዋት አይደውሉለትም።

እኔ ግን ጾሙ ከገባ ወዲህ በየቀኑ ሁለትን ነው የምጫነው። በሁዳዴ ጠዋት እህል ውኃ አልቀምስም፤ ኪኒኔን የምውጠው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስገድፍ ነው። በሁለት ሰዓት «ወስደዋል?» ስትለኝ አልወሰድኩም። ታዲያ ምን ልበል? ሁለትን እጫናለሁ፤ ታዝንብኛለች፤ ስልኩን ኪሴ ከትቼ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ግቢዬ ውስጥ፣ ለመቀመጫ ያስቀረሁት የድሮ ኮምባይነር ጎማ ላይ ቁጭ ብዬ የአካፋ እጀታ እጠርብ ነበር። ከኋላዬ «አባባ ደምሴ እርስዎ ነዎት?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። ስልኬን አውጥቼ አየሁት፤ አልተደወለም። ዞር ስል አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ጫማዋ ጭቃ ብቻ ሆኖ፣ ቦርሳ በትከሻዋ አንግታ ቆማለች።

«ጠዋት ጠዋት የምታዝኝብኝ አንቺ ነሽ እንዴ?» አልኳት።

ሳቀች። «እኔ ነኝ። ኢክራም እባላለሁ።»

የጢቾ ልጅ ናት። ነርስ ሆና ጥቂት ዓመት ከሠራች በኋላ ለሁለተኛ ዲግሪ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ምን እንደምታጠና ጠየቅኳት።

«የጤና ኢንፎርማቲክስ ይባላል። ስልክና ኮምፒውተር ሕክምናን እንዴት እንደሚያግዙ ነው።»

«ታዲያ መርፌውን ትተሽ ስልክ ያዝሽ? ስልክ የማይዝ ማን አለ?»

«በመርፌ የማክመው አጠገቤ ያለውን ሰው ነው አባባ። ጢቾ ያለችውን እናቴን ከዚህ ሆኜ ልወጋት አልችልም። ልደውልላት ግን እችላለሁ።»

የምጠርበውን እጀታ መሬት አስቀመጥኩ። እሷም የመጣችበትን ነገረችኝ። ይህ የስልኩ ነገር የመመረቂያ ጥናቷ ነው። ሐሙስ መምህሮቿ ፊት ታቀርበዋለች። ውጤቱ ያማረ ነው፤ የተመዘገበው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድን ይጫናል። ካለፈች ትመረቃለች፤ ስልኩም ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሊሠራጭ ነውና ሥራውን እሷ እንድትመራ ታስባለች።

«አንድ ሰው ብቻ በየቀኑ ሁለትን ይጫናል» አለች። «ከማቅረቤ በፊት ምክንያቱን ላውቅ ብዬ ነው። አባባ፣ ለምንድን ነው መድኃኒትዎን የማይወስዱት?»

«ማነው አልወስድም ያለሽ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ አልወሰድኩም አልኩ እንጂ አልወስድም አላልኩም። የምትደውይው በሁለት ሰዓት ነው። የምውጠው በዘጠኝ ሰዓት ነው። የምትጠይቂው ደግሞ ጠዋት ላይ ነው።»

ከቦርሳዋ መለኪያውን አወጣችና ክንዴ ላይ ጠመጠመች። ነፋችው፣ አየችው። በሌላኛው ክንዴ ደገመችው። «ግፊትዎ በጣም ጥሩ ነው» አለችኝ፤ ግን ደስ ያላት አትመስልም ነበር። መለኪያውን በእጇ እንደያዘች ጭላሎ ተራራ ላይ የተከመረውን ደመና ስታይ ቆየች። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር ሆና፣ «አልወሰድኩም የሚሉት ሰው ግፊታቸው ደህና ነው። ወስጃለሁ የሚሉትስ?» አለች።

«ማን ማን ናቸው?» አልኳት።

«ስማቸውን ለማንም አልናገርም። የእርስዎንም ለሌላ ሰው አልናገርም።»

ይህን ስትል ወደድኳት።

የቃሲምን ስም ግን መጥራት ለማንም አላስፈለገም። ድምፅዋን ከአጥር ማዶ ሰምቶ ከዘራውን ይዞ እየተጣደፈ መጣ። «ያ ረቢ፣ እሷ ናት። ደምሴ፣ ይህቺን ልጅ ደግሞ በምን አስቀየምካት? ፊቷ ጠቁሯል።»

«ገና መምጣቷ ነው። አንተን ስታይ ይሆናል የጠቆረው።»

ቃሲም ክንዱን ገልጦ ዘረጋላት። «ለኪኝ ልጄ። የዘወትር ደንበኛሽ ነኝ።»

ለካችው። መለስ ብላ ለካችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አባባ ደምሴ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይሉልን?» አለች።

«ይቀመጥ» አለ ቃሲም። «እሱ የማያውቀው ምን ገመና አለኝ።»

«አባባ፣ ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሏል። ዛሬ ጠዋት አንድን ተጭነዋል።»

«ተጭኛለሁ እንጂ።»

«መድኃኒቱንስ?»

«ረመዳን ነው ልጄ። በጠዋት እንዴት እውጣለሁ?»

«ማታ ካፈጠሩ በኋላስ?»

«ማታማ አስባለሁ። ግን ከተራዊ ሶላት ስመለስ እንቅልፍ ይጥለኛል።»

«ታዲያ ለምን አንድን ይጫናሉ?»

ቃሲም ግራ ገብቶት አየኝ፤ መልሱን ከእኔ የሚጠብቅ ይመስል። «አንዴ ሁለትን ተጭኜ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «አዘንሽ። ድምፅሽ ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልጠፋ አለ። በማለዳ ተነስታ ሰላም ብላ ጤናዬን የጠየቀችኝን የሰው ልጅ እንዴት አሳዝናለሁ? ከዚያ ወዲህ አንድን ነው። ደስ እንዲልሽ ነው ልጄ።»

እኔ ሳቄ መጣ። ልጅቱን ሳይ ግን ቆመብኝ። ጎማው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላለች።

«ጤና ጣቢያ በቅርብ ሄደው ነበር?» አለችው።

«ባለፈው ሳምንት። ሐኪሙ ኮምፒውተሩን አየና፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ እየወሰዱ ግፊቱ አልወርድ ብሏል ብሎ ሌላ ኪኒን ጨመረልኝ። ጾሙ ሲፈታ ሁለቱንም አንድ ላይ እጀምራለሁ ብዬ አስቀምጫቸዋለሁ።»

«አይጀምሩ» አለች። «እኔ ሳልነግርዎ ሁለቱን አንድ ላይ እንዳይጀምሩ። ግፊትዎ ድንገት ወርዶ መንገድ ላይ ሊወድቁ ይችላሉ።»

እዚያው ስልኳን አውጥታ ለሐኪሙ ደወለች። ሳታለሰልስ፣ ሳትሸፋፍን፣ «ስክሪኑ ላይ የሚያዩትን አይመኑ። ስህተቱ የእኔ ነው። መድኃኒት የተጨመረላቸውን ሁሉ እንደገና ማየት አለብን» አለችው። እኔ በሕይወቴ ብዙ አለቃ አይቻለሁ። ማሽን ሲሰበር ረዳቱ ነው፣ ሾፌሩ ነው፣ ዝናቡ ነው ሲባል ነው የኖርኩት። የእኔ ነው ብሎ ስልክ የደወለ አላየሁም።

ቃሲም ነገሩ ገባው። «ልጄ፣ ለእኔ ብለሽ ትምህርትሽን እንዳታበላሺ። እኔ ከዛሬ ማታ ጀምሮ እውጣለሁ፣ ወላሂ። ሐሙስን ዝም ብለሽ እለፊው፤ ከዚያ ቀስ ብለሽ ታስተካክይዋለሽ።»

«ከሐሙስ በኋላማ ይህ ስልክ ጮሌና ዴራ ወረዳም ይደውላል» አለች። «እዚያም እንደ እርስዎ ያለ ጨዋ ሰው ሞልቷል።»

በማግስቱ ረቡዕ የተመዘገቡትን ቤት ለቤት ልታይ ተነሳች። ውሻ ትፈራለች፤ ስለዚህ እኔ ዱላዬን ይዤ ተከተልኳት። ስምምነታችን እኔ በር ላይ እንድቀር ነው፤ የሰው ሕመም የሰው ነው ብላኛለች። ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ ፊት ይጋርፍ ነበር። ጭቃው ጫማ ያወልቃል። እሷ እንደ ቃሲም ጿሚ ናት፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ እኔ ውኃዬን ስጠጣ እሷ ገና ፀሐይ እስክትጠልቅ መቆየት ነበረባት። ፊት ለፊቷ መጠጣት አፍሬ ወደ አጥሩ ዞርኩ። «ይጠጡ አባባ፣ ኪኒንዎንም እንዳይረሱ» አለችኝ፤ ሳታየኝ።

ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስንሄድ አጠያየቋን መለወጧን ነገረችኝ። «ወስደዋል ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ የምፈልገውን መልስ አብሬ እየነገርኳቸው ነበር። አሁን ኪኒኑን ያምጡና አብረን እንየው ነው የምለው። ከዚያ በየትኛው ሰዓት ቢሆን ይመችዎታል እላለሁ።»

«እና ምን ይሉሻል?»

«እውነቱን።» ትንሽ ሄደች። «ሁሉም እንደ አባባ ቃሲም ነው። የዋሸኝ የለም አባባ። እኔን ላለማስቀየም ነው።»

እማማ በቀለች የሚባሉ ሴት እስከ ደጃፍ ሸኟትና እኔን ሲያዩ ተቆጡ። «አንተ ደምሴ፣ በጾም አንጀቷ ልጅቱን ታንከራትታታለህ?»

«እኔ አይደለሁም፤ እሷ ናት የምታንከራትተኝ።»

«እኔስ አንዲት ልጅ በማለዳ እንዳላሳዝን ብዬ ነው» አሉ ነጠላቸውን እየሳቡ። «ጉድ ሆንኩ። ለካስ ላስደስታት ስል የጎዳኋት እኔው ነኝ።»

ኢክራም ጉልበታቸውን ሳመች። «እኔ ነኝ የጎዳሁዎት እማማ» አለች።

ሐሙስ እኔም አዳራሹ ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም። ዘበኛው «አባት፣ የማን ዘመድ ነዎት?» ሲለኝ «የዛሬዋ አቅራቢ በሽተኛ ነኝ» አልኩት፤ በሩን ከፍቶ አስገባኝ። ከኋላ ተቀመጥኩ። ፊት ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ ያ ያማረው ውጤት በቀለም ተሥሎ ይታያል፤ አንድን የተጫነው ረጅም ዘንግ ሆኖ፣ ሁለትን የተጫነው አጭር ሆኖ። አጭሩ እኔ ነኝ ማለት ነው።

ኢክራም ቆመች። ድምፅዋ ያው ጠዋት የምሰማው ነው። «ይህ የምታዩት ውጤት ትክክል አይደለም» ብላ ጀመረች። እንዴት እንዳወቀች፣ ቤት ለቤት ምን እንዳየች፣ ሐኪሙ በእሷ ስክሪን ተማምኖ ለሰዎች መድኃኒት እንደጨመረ፣ ሁሉንም በተራ ተናገረች። «ስልኩ የለካው የሰዎቹን መድኃኒት አወሳሰድ አይደለም። ለእኔ ያላቸውን አክብሮት ነው የለካው» አለች።

ከመምህራኑ አንደኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን ባትናገሪ ዛሬ ታልፊ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ ዶክተር።»

«ታዲያ?»

«ከሰዎቹ አንዱ ቢወድቅስ? ሞባይሉ በኪሱ ውስጥ ሆኖ፣ የእኔ ድምፅ ዕድሜ ይስጥዎ ብሎት ቢወድቅስ?»

እኔ ማጨብጨብ አምሮኝ ነበር፤ ማንም ስላላጨበጨበ ተውኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

መምህራኑ ተመካክረው ጥናቱን እንደገና እንድትሠራ ወሰኑ። በዚያ ዓመት ከጓደኞቿ ጋር አልተመረቀችም። ሥራውም የሚጠብቅ አልነበረምና ለሌላ ሰው ተሰጠ። ይህን የማልሸፋፍነው ነገሩ ተረት እንዳይመስላችሁ ነው። እውነት መናገር ዋጋ አስከፍሏታል። መነጽር ያወለቁት መምህር ግን ሲወጡ ቆም ብለው እጇን ጨበጡ፤ «ሥሪው፤ አብሬሽ ነኝ» አሏት።

ውጭ ደረጃው ላይ አገኘኋት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጣ በጣቷ ጉልበቷን እየመታች ታስባለች።

«አባባ ደምሴ፣ ሰው እርስዎን ማስቀየም ይፈራል?»

«እኔን? ማን ይፈራል? ቀድሜ የማስቀይመው እኔ ነኝ።»

«እኔም የሰማሁት ይህንኑ ነው። ድምፅዎን ይስጡኝ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ተቀየምኩ። በስልኩ ሰዉን የሚጠይቅ ኮስታራ ሽማግሌ ፈልጋ እኔን መምረጧ ነው። ማታ ለቃሲም ብነግረው በአንድ እጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ላንተማ ደስ እያለኝ ነው ሁለትን የምጫንብህ» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ልጅቱ ልክ መሆኗ የገባኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ ተምሬአለሁ ካለች በኋላ እንደገና ልማር ብላ ይሆናል። እኔ እንዲህ ያለውን ስሰማ ወረቀት ፍለጋ ነው እል ነበር። አሁን አልልም። ይህቺ ልጅ የተማረችው ስልክ መነካካት አይደለም። ያማረ ነገር ስታይ «እውነት ነው ወይ?» ብላ ጭቃ ውስጥ መውረድን ነው የተማረችው። ለእኔ ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረችኝ። ሰባ ሁለት ዓመት ሙሉ እውነት መናገር የድፍረት ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ የማይናገረውንም እንደ ፈሪ አየው ነበር። ቃሲም ፈሪ አይደለም። ሲጠየቅ ማንንም እንደማያሳዝን ካላወቀ፣ ደግ ሰው ውሸት ይቀለዋል። እውነት የሚፈልግ ሰው ለእውነት ቦታ ማደላደል አለበት። እኔ ለማን አደላድዬ አውቃለሁ? ለአስካለ እንኳ አላደላደልኩም።

ነገሩን ልጨርስ። በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ፣ የበዓል ኮቴን ለብሼ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ኢክራም መስኮትና በሩን ዘግታ ስልኳን ከአፌ አጠገብ ያዘች። በወረቀት የጻፈችልኝን እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ እየቆጠርኩ ሳነብ ሳቋ አምልጧት አቋረጠችኝ። «ወረቀቱን ይተዉት፤ አባባ ቃሲምን በአጥር በኩል እንደሚያነጋግሩት ይናገሩ» አለች። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩና እንዲህ አልኩ።

«ደምሴ ነኝ፣ የኮምባይነሩ። እንደምን አደሩ? የትናንቱን ኪኒን ከዋጡ አንድን ይጫኑ። ካልዋጡ ሁለትን ይጫኑ። አይጨነቁ፤ እኔ አላዝንም።»